ሞኝና ወረቀት

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረት የወጣው ሞኙን ለመንቀፍ ነው። እኔ ሞኙን ላወድስበት ነው። ውዳሴው ከልብ ነው፤ አንባቢ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጀርባ ሌላ ነገር እንዳይፈልግ አስቀድሜ እለምናለሁ።

የማወድሰው ሰው ቦንጋ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሁለት አይጠፋም። ግዥ ክፍል ዓመታት ተቀምጦ ዛሬም የቤት ኪራይ ይከፍላል። የመጋዘን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እያለ ለጣሪያው የሚሆን ቆርቆሮ በዱቤ ይገዛል። የመስክ አበል ቅጽ ሲመጣለት ያልወጣበትን ቀን ይሰርዛል፤ ሒሳብ ሹሙም እንደገና ለመደመር ይገደዳል። ከሦስት ድርጅቶች መጣ የተባለ ፕሮፎርማ ሲቀርብለት «ይሄ እኮ የአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ነው» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይህን ከእሱ ቀድመው አይተውት ዝም ብለዋል። ያልተሰበሰበ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ እንዲፈርም ሲሰጡት «መቼ ተሰበሰብን?» ይላል። ባልደረቦቹ ሲያነሡት «ደግ ሰው ነው፣ ግን…» ይላሉ። ከ«ግን» በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፦ ሞኝ ነው።

ፍርዱ የቢሮ ሐሜት ብቻ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል በሠርግ ቤትም በለቅሶ ቤትም ሰምተነዋል፤ ስቀንለታል፤ ለልጆቻችን እንደ ምክር አቀብለናል። ሰውየው ሞኝ የተባለው በአገር ሸንጎ ነው። እኔ ይግባኝ ባይ ነኝ።

ይግባኙን የሚደግፍ ምስክር ከሩቅ አገር ልጥራ። ኤድዊን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1939 መጨረሻ ፊላደልፊያ ላይ ለሙያ ባልደረቦቹ ንግግር አደረገ። እስከዚያ ድረስ የወንጀል ጥናት ወንጀለኛን የሚፈልገው በድሃ ሰፈር፣ በፈረሰ ትዳር፣ ከዚያም በፊት በራስ ቅል ቅርጽ ውስጥ ነበር። መረጃውን የሚቀዳው ከፖሊስና ከእስር ቤት መዝገብ ስለሆነ፣ እስር ቤት የማይገባ ሰው በጥናቱም አይገባም ነበር። ሰዘርላንድ የተከበረ ሰው በተከበረበት ሥራው ላይ ሆኖ የሚፈጽመውን ጥፋት «ነጭ ኮሌታ ወንጀል» ብሎ ሰየመና ድህነት ይህን ሊያብራራ እንደማይችል ተናገረ። ከ10 ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ የ70 ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን መዝገብ አገላብጦ በእነሱ ላይ የተሰጡ 980 ውሳኔዎችን ቆጠረ፤ ለእያንዳንዱ ኩባንያ በአማካይ 14 ይደርሳል። አሳታሚው ግን በስም ማጥፋት እንዳይከሰስ ፈራና የኩባንያዎቹ ስም ከመጽሐፉ እንዲወጣ አደረገ። ስሞቹ የተመለሱበት ሙሉ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ደራሲው ከሞተ 33 ዓመት አልፎት ነበር። ስለተከበሩ ሰዎች ጥፋት የሚናገር መጽሐፍ ራሱ ለተከበሩት ሲባል ተቆርጦ ወጣ። እንደ ቦንጋው ሞኝ ያለ ሰው ባሕር ማዶም ብቻውን እንደነበረ ይህ ያሳየኛል።

ከሰዘርላንድ ሐሳብ ለዚህ ውዳሴ የሚጠቅመኝ ሌላው ክፍል ነው። ሰው ወንጀልን ይማራል ይላል፤ የሚማረውም ከሚቀርባቸው ሰዎች፣ በዕለት ተዕለት ጨዋታ መካከል ነው። ዘዴውን ብቻ አይደለም፤ ሰበቡንም፣ ሲያደርገው የሚሰማውን የልብ ሰላም ጭምር ይማራል። አዲስ ተመራቂ መሥሪያ ቤት ሲገባ የመጀመሪያውን ወር ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም «ስረቅ» አይለውም። ሻይ ይጋብዙታል። «ይሄ ቅጽ እንዲህ ነው የሚሞላው» ይሉታል። ያልሄደበት ጉዞ ላይ ስሙ ገብቶ አበል ይደርሰዋል፤ ቢመልሰው ያስቀየማል፤ ቢይዘው ወገን ሆኗል። ከዓመት በኋላ እሱ ራሱ አዲስ ለገባው ሻይ ይጋብዛል። ይህ ትምህርት ቤት መዝገብ የለውም፤ ክፍያም አይጠይቅም፤ የሚወድቅበትም ጥቂት ነው። የወደቀው ግን ሞኝ ይባላል። አበሉን ይዞ ገንዘብ ያዡ ጋ ይሄዳል፤ «ይሄ የኔ አይደለም» ይላል። ትምህርቱ አልገባውም፤ ደግሞም አይገባውም።

ካፋ ውስጥ የዚህ ሰው ዋጋ የሚለካው በቡና ነው። የቡና መገኛ የምንለው ምድር ይህ ነው፤ ዴቻ ወረዳ ውስጥ የቡና መገኛ የሚባለው ማንኪራ አለ፤ የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ቦንጋ ላይ የቡና ሙዚየም ቆሟል። ሙዚየሙ የቡናን ታሪክ ይናገራል። የቡናውን ጉዞ ግን ሚዛን ቤት ቆሞ ማየት ይሻላል። ገበሬው እሸቱን ወይም ደረቁን ጀንፈል ተሸክሞ ይመጣል፤ ሰብሳቢ ወይም ማኅበር ይረከባል፤ አቅራቢ ይገዛል፤ ከዚያ ቦንጋ ወደሚገኘው የምርት ገበያ መጋዘን ይገባል፤ ከመጋዘን ወደ ላኪ፣ ከላኪ ወደ መርከብ። በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ ሚዛን የሚያነብ ዓይን፣ ናሙና የሚወስድ እጅ፣ ቁጥር የሚጽፍ እስክሪብቶ አለ። ጫካ ውስጥ የበቀለው ቡና በእነዚህ ሦስቱ በኩል አልፎ ወረቀት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሸጠው ወረቀቱ ነው። ምርት ገበያ ከገባ በኋላ ደግሞ የገበሬው ስም ይቀራል፤ ቡናው በደረጃና በመለያ ቁጥር ይጠራል።

ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ከእያንዳንዱ ፈረሱላ አንድ ኪሎ ብቻ ሲነበብ ቢጎድል ከመቶው ስድስት ያህል ሄደ ማለት ነው። አሥር ፈረሱላ ያመጣች አንዲት ባልቴት አሥር ኪሎ ታጣለች፤ ግን አታውቅም፤ ቤት ስትመዝነው ምናልባት እርጥብ ነበር ትላለች። 5,000 ፈረሱላ የሚረከብ ጣቢያ በዚሁ መንገድ በአንድ የለቀማ ወቅት 50 ኩንታል ያተርፋል። በር አልተሰበረም፤ ሰው አልተደበደበም፤ ውሻ አልጮኸም። ሃምሳ ኩንታል ቡና በሌሊት ተጭኖ ቢሰረቅ ኖሮ ቀበሌው ሁሉ ይወጣ ነበር፤ ሚሊሻ ይጠራ ነበር፤ የመኪናው ጎማ ዱካ ይታይ ነበር። በሚዛን የሄደ 50 ኩንታል ግን ዱካ የለውም፤ በአምስት መቶ ሰው ጓዳ ተከፋፍሎ የጠፋ ነውና ማንም «ተሰረቅሁ» ብሎ አይመጣም። የነጭ ኮሌታ ወንጀል ዋናው ጉልበቱ እዚህ ነው፤ ተጎጂው መጎዳቱን አያውቅም። ሚዛኑ ላይ ግን አንድ ሞኝ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ 17ን 17 ብሎ ያነባል። የእርጥበት መለኪያውን ቁጥር ያየውን ያህል ይጽፋል። ናሙናውን ከጆንያው አፍ ብቻ አይወስድም፤ ከመካከሉም ከሥሩም ይቀዳል። አምስት መቶ ቤተሰብ በዚያ ዓመት ሳያውቁት ያልተሰረቁት በአንድ ሰው ሞኝነት ነው። እነሱም አያመሰግኑትም፤ ያልደረሰባቸውን ነገር ስለማያዩት።

ከፍ ብለንም ብንሄድ ነገሩ ያው ነው። በመጋቢት 2001 ዓ.ም. መንግሥት የስድስት ትላልቅ ቡና ላኪዎችን ፈቃድ አግዶ መጋዘናቸውን ዘጋ፤ ክሱ ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና አከማችተዋል የሚል ነበር። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ተመልሶ አገር ውስጥ መሸጡ፣ ቡናን በኪሳራ ልኮ በተገኘው ዶላር ሌላ ዕቃ ማስገባቱ በዘርፉ ውስጥ ለዓመታት የተወራ ነው። ስለ ቡና አዋጅ ወጥቷል፤ ስለ ምርት ገበያ አዋጅ ወጥቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ደግሞ አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚገናኙበትን በር ከፍቷል። አዋጆቹን አልነቅፍም። ነገር ግን ሁሉም በመጨረሻ የሚያርፉት ሚዛን ከሚያነበው ሰው ዓይን ላይ ነው።

የሰዘርላንድ ተማሪ የነበረው ዶናልድ ክሬሲ በእስር ቤቶች እየዞረ አደራ በልተው የታሰሩ የባንክና የድርጅት ሠራተኞችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ1953 አንድ መጽሐፍ አወጣ። የታመነ ሰው አደራ እንዲበላ ሦስት ነገር ይገናኛል ይላል፦ ለማንም ሊያወያየው የማይችለው የገንዘብ ጭንቀት፣ አጋጣሚው፣ እና ድርጊቱን ለራሱ የሚያስታርቅበት ቃል። ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ አጋጣሚው ያወራሉ፤ ቁልፍ፣ ካዝና፣ ቁጥጥር። እኔን የሚይዘኝ የመጀመሪያው ነው። ሊወያዩበት የማይችሉት ጭንቀት።

እኛ ዘንድ ይህ ጭንቀት ስም አለው፤ «ሰው ምን ይለኛል» ነው። ለልጁ ሠርግ በሬ ያልጣለ ሹም፣ ለተስካር ድንኳን ያልተከለ ኃላፊ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ሲጎበኘው የጭቃ ቤት ውስጥ ያገኘው መምሪያ ኃላፊ። ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም፤ ይህን ግን ለማን ይናገራል? ሹም ነው። አበድሩኝ ብሎ ቢጠይቅ ሰው ይስቃል፤ «እሱ ተቸገረ? ማን ያምናል!»። ሚስቱም አታምንም። ስለዚህ ችግሩን ብቻውን ይዞ ያድራል፤ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ፊርማውን ይሸጣል። ስሰማ ያዘንኩባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ የጀመሩ ናቸው፤ ክፉዎች አልነበሩም፤ ድህነታቸውን መናገር ያፈሩ ነበሩ።

ሞኙ ግን በድህነቱ አያፍርም። ይህ ከሁሉም የሚበልጥ በጎነቱ ነው ብዬ አምናለሁ። እድር ላይ «ወንድሞቼ፣ በዚህ ወር አልቻልኩም፣ በሚቀጥለው እጥፍ አድርጌ እከፍላለሁ» ብሎ ይነሣል። እቁቡን ቀድሞ እንዲደርሰው ይለምናል፤ ምክንያቱንም ያስረዳል። ሚስቱ የደመወዙን ልክ ታውቃለች፤ ልጆቹም ያውቃሉ፤ ጫማ ሲጠይቁ «ከገና በኋላ» ይባላሉና ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ ሰው ክሬሲ ያለውን የመጀመሪያውን ነገር አያሟላም። ጭንቀቱ ሁሉ በአደባባይ ስለሆነ በድብቅ የሚፈታው ነገር የለውም። ሙስናን ለመከላከል ብዙ ሥልጠና ተሰጥቷል፤ ስለ ሥነ ምግባር መርሆዎች ብዙ በራሪ ወረቀት ታትሟል። ሹም ድሃ መሆኑን ሳያፍር የሚናገርበት አገር ግን ከብዙ ሥልጠና ይበልጥ ነበር።

ክሬሲ ያለው ሦስተኛው ነገር፣ ቃሉ፣ የሞኙ ሌላ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ግሬሻም ሳይክስና ዴቪድ ማትዛ የሚባሉ ሁለት ምሁራን ጥፋት የሚያጠፉ ወጣቶች ኅሊናቸውን የሚያባብሉባቸውን ሰበቦች ሰብስበው ጻፉ። ጽሑፉ ስለ ጎዳና ልጆች ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ለቢሮ ሰው ይበልጥ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ቦንጋ ላይ እነዚያኑ ሰበቦች በአማርኛም በካፊኛም መስማት ይቻላል። «እኔ ምን አገባኝ፣ አለቃ ፈርም አለኝ ፈረምኩ።» «መንግሥት በዚህ ይጎዳል? የባሕር ውኃ በማንኪያ ቢቀዳ!» «ነጋዴው ራሱ ሌባ ነው፣ ሌባን መስረቅ ኃጢአት አይደለም።» «ከላይ ያሉት ስንት ይበላሉ፣ እኔን ነው የምታዩት?» ከሁሉም የሚያሳዝነው «ለራሴ አይደለም፣ ለልጆቼ ነው፣ ለወገኖቼ ነው» የሚለው ነው፤ ፍቅርን ለሌብነት ይመሰክር ዘንድ ይጠራዋልና። ሞኙ እነዚህን ሲሰማ ያዳምጣል። ሊደግማቸው ቢሞክርም አይሆንለትም፤ አንደበቱ ለዚህ አልተፈታም። «አለቃ አዘዘኝ» ለማለት ትእዛዙን በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ትእዛዙ ይጠፋል።

ብልሆች በአንድ ላይ ሲሠሩ ምን እንደሚሆን ደግሞ አገራችን በቂ ማስረጃ ሰጥታለች። በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው የወርቅ ጡብ በወርቅ የተለበጠ ብረት ነው ተብሎ ተመለሰ። ወርቅ ማዕከላዊ ባንክ ካዝና እስኪገባ ድረስ የሚመረምረው፣ የሚመዝነው፣ የሚረከበው፣ የሚከፍለው ሰው አለ። በዚያ ሰንሰለት ላይ ጡቡን በሚስማር ጫር አድርጎ የሚያይ አንድ ሞኝ ጠፋ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ዕጣ በኮምፒውተር አወጣች፤ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ፤ በዕጣው ውስጥ መግባት የማይገባቸው ስሞች ተጨምረውበት ነበር ተባለ። ለዓመታት ከሽሮዋ ቀንሳ የቆጠበች ሴት ስም አጠገብ ሳይቆጥብ የገባ ስም ተቀምጧል፤ ያስቀመጠው ጣት ደም የለበትም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በስድስት ዓመት ውስጥ የ37 ቢሊዮን ብር ግዥ ያለ ጨረታ ከውጭ ፈጽሟል ብሎ ለሕዝብ ተናገረ። ጨረታ ማለት ብዙ ሰው የሚፈርምበት ሥርዓት ነው፤ ያለ ጨረታ ሲሆንም የሚከፍለው ብዙ ሰው ነው።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የምግብ ርዳታቸውን በመላ ኢትዮጵያ አቋረጡ፤ ለተራበ ሰው የመጣው እህል በሰፊው ወደ ሌላ ዞሯል ብለው። ስርጭቱ እስኪቀጥል ወራት ወሰደ። ይህን ሳስብ ቁጣዬን መያዝ ይከብደኛል። እህሉን ያዞረው በሺህ የሚቆጠሩ ጆንያዎችን የሚመዘግብ፣ የተረጂ ዝርዝር የሚይዝ፣ ማኅተም የሚመታ እጅ ነው፤ ቅጣቱን የተቀበለው ግን ዝርዝሩ ላይ ስሙ የነበረው ረሃብተኛ ነው።

ከዚህ አጠገብ አንድ ሌላ ነገር አስቀምጣለሁ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛባና ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣት ቻሉ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደወጣበት ተናገረ፤ አብዛኛው ተመለሰ፤ በገዛ ፈቃዳቸው የመለሱ ብዙ ነበሩ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ፎቶግራፍና ስም ባንኩ በአደባባይ ለጠፈ። ማውጣታቸው ጥፋት ነበር፤ አልከራከርም። ነገር ግን የሃያ ዓመት ልጅ ፎቶ በባንክ በር ላይ በሳምንታት ውስጥ ሲለጠፍ አየን፤ የትልልቆቹ ጉዳይ ግን በኮሚቴና በቀጠሮ ዓመታት ይጓዛል። ሰዘርላንድ ፊላደልፊያ ላይ ያለው ይኸው ነበር። ሌሊቱን ተሰልፈው ካወጡት መካከል ገንዘቡን ይዘው የተመለሱት ተማሪዎች ደግሞ ጓደኞቻቸው ዘንድ ምን እንደተባሉ መገመት አያቅትም። እኔ እነሱን መቅጠር እፈልጋለሁ፤ በሚዛን ላይ፣ በግዥ ላይ፣ በእህል መጋዘን ላይ።

ሞኝነት ሌባን ከማጋለጥም ያልፋል፤ ይህን ካላነሣሁ ውዳሴው ይጎድላል። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ወዲያው የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰሱ። ጉዳዩን የያዙት ወጣቷ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ሕጉን አይተው ዋስትና ፈቀዱ። ተከሳሹ ከፍርድ ቤት እንደወጡ ተመልሰው ተያዙ፤ ምክር ቤቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ በሙስና የተከሰሰ ዋስትና እንዳያገኝ አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ። በብልሆች ስሌት በዚያ ቀን ዋስትና መፍቀድ ትርፍ የሌለው ሥራ ነበር፤ ከላይ የሚፈለገው ግልጽ ነበር። ዳኛዋ ግን በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አነበቡ። የኔ ሞኝ ለከሳሽም ለተከሳሽም ያው ሚዛን ነው የሚያነበው፤ ፀረ ሙስና በሚባል ስም ሰው ያላግባብ ሲታሰርም «መዝገቡ እንዲህ አይልም» ይላል። እንደዚህ ያለው ሰው ከሌለ ፀረ ሙስና ራሱ ሹም ሹምን የሚጥልበት መሣሪያ ይሆናል።

ዋጋውን ያውቃል? ያውቃል፤ ሞኝ ማለት የማያውቅ ማለት አይደለም። ያልፈረመ ሰው በመጀመሪያ ከኮሚቴ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሥልጠና ላይ ስሙ ይዘለላል፤ በመጨረሻ «ለሥራው አስፈላጊነት» ተብሎ ሩቅ ወረዳ ይዛወራል። አገር የሚያውቀው ሌባ በእድገት ሲሄድ እሱ በዝውውር ይሄዳል። ሕጉ ግን ከእሱ ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን ከጥቃት ይጠብቃል። አዋጅ ቁጥር 668/2002 ሹም ሀብቱን እንዲያስመዘግብ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 881/2007 ደግሞ ሙስናን ከመንግሥት ቢሮ አልፎ የሕዝብ ገንዘብ ወደሚያንቀሳቅሱ አክሲዮን ማኅበራትና መሰል ድርጅቶች ድረስ ተከትሎታል፤ የቡና ገበሬ ማኅበር ሒሳብ ለሚይዝ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማጭበርበርን የሚመረምሩ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በየሁለት ዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ደጋግሞ የሚያገኘው ውጤት አለ፦ ከተደረሰባቸው አሥር ማጭበርበሮች አራት ያህሉ የሚጋለጡት በጥቆማ ነው፤ ከጠቋሚዎቹም ከግማሽ በላይ የራሱ የድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው። የውጭ ኦዲተር የሚደርስበት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዎርልድኮም የተባለውን ግዙፍ የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ያጋለጠችው ሲንቲያ ኩፐር የራሱ የኩባንያው የውስጥ ኦዲተር ነበረች፤ አለቆቿ እንዳያውቁባት ከባልደረቦቿ ጋር ሌሊት ሌሊት መዝገብ እያገላበጠች በመጀመሪያ 3.8 ቢሊዮን ዶላር የሐሰት ሒሳብ አወጣች። የተከበሩ የውጭ ኦዲተሮች ያንኑ መዝገብ ፈትሸው አልፈውት ነበር።

ስለዚህ ለቦንጋ የምለው አለኝ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል 11ኛው ሆኖ ሲመሠረት ቦንጋ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። አዲስ ክልል ሲመጣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ በጀት፣ አዲስ የተሽከርካሪና የሕንፃ ግዥ ይመጣል፤ ሰዘርላንድ ያለው ያ ሻይ የሚጋበዝበት ትምህርት ቤትም በእነዚህ የመጀመሪያ ዓመታት ነው የሚከፈተው ወይም ሳይከፈት የሚቀረው። ቢሮዎቹ ወጣት ናቸው፤ ልማዳቸው ገና አልደረቀም። በዚህ ጊዜ ሞኞቹን በየክፍሉ መበተን አይበቃም፤ አንድ ሞኝ ብቻውን በስድስት ወር ይታክታል። ሁለት ሁለት ይሁኑ። ሚዛን የሚያነበውና የሚጽፈው ይለያዩ፤ ሚዛኑም ፊቱን ወደ ገበሬው ያዙር፤ ቁጥሩ በአፍም ይጠራ፤ ማንበብ የማይችል አባት በጆሮው ይሰማ። ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ በየዓመቱ ዕረፍት እንዲወጡ ይገደዱ፤ በሐሰት መዝገብ ላይ የተቀመጠ ሰው ወንበሩን ለሁለት ሳምንት መተው ያስፈራዋል፤ ተተኪው ያን ጊዜ ያያል። ሞኙ ግን ዕረፍቱን ወጥቶ ቡናውን ይለቅማል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። አልፈርምም ያለ ሠራተኛ ሲዛወር የዝውውሩ ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠው፤ ቅጂው ለክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንና ለዋና ኦዲተር ይድረስ። ኦዲተሩም ሰውየው ከወንበሩ በተነሣ በስድስት ወር ውስጥ ያ ክፍል የፈጸመውን ግዥ ሁሉ፣ ጨረታውን፣ ፕሮፎርማውን፣ ቃለ ጉባኤውን፣ የመጋዘን ገቢ ደረሰኙን፣ ከእሱ ዘመን ጋር እያስተያየ ያንብብ።